ሴትነት ለመሪ ምርጫ ምክንያት ይሆናልን?

በየትምህርት ቤቱ የክርክር ማኅበር ከማይሰለቹት አርእስቶች አንዱ «ሴት ትበልጣለች ወይስ ወንድ?» የሚለው ነው። ክርክሩ ብዙ ሣቅና ብዙ ጭብጨባ ያስገኛል፤ ዳሩ ግን ተከራካሪዎቹ ከመድረክ ሲወርዱ ነገሩ ከነበረበት ስፍራ ፈቀቅ ብሎ አይገኝም። እኔ በዚህ የበዓል መጽሔት ላይ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ከዚያ ጠበብ ያለ ነው። ይኸውም፥ አንድ ሕዝብ ፕሬዚዳንቱን በድምፁ በሚመርጥበት ጊዜ፥ ተወዳዳሪዋ ሴት ስለሆነች ብቻ ድምፁን ሊነፍጋት፥ ወይም ሴት ስለሆነች ብቻ ድምፁን ሊሰጣት ይገባዋልን? የሚል ነው።

አሳቤን ሳልደብቅ አስቀድሜ ልናገር። በእኔ አስተያየት ሴትነት መራጭ አይቶ ሊመዝነው የሚችል አንድ ነገር ነው፤ ነገር ግን «ይህች ሰው ምን ሠርታለች? ምንስ ልትሠራ ትችላለች?» የሚለውን ጥያቄ ሊተካ አይችልም። ይህንንም በቃል ብቻ እንዳልናገር ታሪክን ምስክር አድርጌ እጠራለሁ። ምስክር እንድትሆነኝ የመረጥኋት አገር ላይቤሪያ ናት። በአፍሪካ ምድር ሴት በሕዝብ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንት ሆና የተመረጠችው በዚያ ነውና። ደግሞም ላይቤሪያ ለእኛ ባዕድ አይደለችም። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ አንድ ሆነው የደቡብ አፍሪካን መንግሥት ዛሬ ናሚቢያ ስለምትባለው አገር በዓለም ፍርድ ቤት የከሰሱ እኅትማማች አገሮች ናቸው። (የውጭውን አገር ታሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር፥ የራሳችንን ግን ዓ.ም. እያልሁ በራሳችን አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ወደ ላይቤሪያ ከመሻገራችን በፊት ግን በአገራችን የሆነውን ማስታወስ ይገባል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ፥ መኳንንቱና የቤተ ክህነት አለቆች የዳግማዊ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት አሰኙ። በዚያው ቀን ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። ዘውዱ ለሴቲቱ፥ የመንግሥቱ ሥራ ግን ለወንዱ ተሰጠ ማለት ነው። ባለቤታቸውን ራስ ጉግሣ ወሌንም ከንግሥቲቱ ለይተው በጌምድርን እንዲገዙ ሰደዷቸው። ወንድ ሲነግሥ እቴጌ ትጨመርለታለች እንጂ አትቀነስበትም፤ ሴት በነገሠች ጊዜ ግን ባሏ ተቀነሰ። ራስ ጉግሣ በመጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሞቱ፤ ንግሥቲቱም ከሁለት ቀን በኋላ በመጋቢት 24 ቀን ዐረፉ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለማሳዘን አይደለም። በዚያ ዘመን የመረጠው ሕዝብ ሳይሆን መኳንንቱ ነበሩ፤ እነርሱም የሴትነትን ነገር በሚገባ ቈጥረውታል። የምኒልክ ልጅ በመሆናቸው ዘውዱን ሰጧቸው፥ ሴት በመሆናቸው ደግሞ ሥልጣኑን ከፈሉባቸው። ላይቤሪያም ከዚህ የሚመሳሰል ነገር አላት። በ1996 የጦር አበጋዞቹ እርስ በርሳቸው መስማማት ባቃታቸው ጊዜ፥ ወይዘሮ ሩት ፔሪ የሚባሉ የቀድሞ የምክር ቤት አባል የአገሪቱ የመንግሥት ምክር ቤት ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። በማዕርግ ከሁሉ በላይ ነበሩ፤ ጠመንጃው ግን በአበጋዞቹ እጅ ነበረ። ወንዶች ሳይስማሙ ሲቀሩ ሴትን በመካከል ማስቀመጥ የቆየ ዘዴ ነው፤ ይህ ለሴቲቱ ክብር ይመስላል እንጂ በእኔ ዓይን ክብርነቱ ግማሽ ነው።

ሕዝብ ራሱ ሲመርጥስ? በአገራችን በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ የመምረጥ መብት ሰጠ። ከዚያም በኋላ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። ፕሬዚዳንት ግን በአገራችን በሕዝብ ድምፅ አይመረጥም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ነው፤ ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴም በጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የተመረጡት በዚሁ መንገድ ነው፥ እስከ 2017 ዓ.ም. አገልግለዋል። ስለዚህ የእኛ መራጭ በፕሬዚዳንት ረገድ ይህ ጥያቄ በቀጥታ ቀርቦለት አያውቅም። በእንደራሴዎች ምርጫ ግን ይቀርብለታል። ዛሬ የመምረጫው ዕድሜ 18 ዓመት ስለሆነ፥ የዚህ ዓመት ተመራቂዎች ብዙዎቻችን መራጮች ሆነናል። ጥያቄው የክርክር ማኅበር ጨዋታ መሆኑ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ላይቤሪያ እንሂድ። ወይዘሮ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ በ1938 በሞንሮቪያ ከተማ ተወለዱ። የተማሩት ሜቶዲስት ሚሲዮናውያን ባቋቋሙት «ኮሌጅ ኦፍ ዌስት አፍሪካ» ነው፤ ስሙ ኮሌጅ ይባል እንጂ እንደኛው ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በ17 ዓመታቸው አግብተው አራት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ከባለቤታቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግረው ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ ትዳሩ ግን ዱላ የነበረበት ስለሆነ በፍቺ አለቀ። በ1971 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ አስተዳደር የማስተርስ ዲግሪ ተቀበሉ። በ1979 የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በኤፕሪል 1980 ሳሙኤል ዶ የተባለው ወታደር ፕሬዚዳንት ቶልበርትን ገድሎ መንግሥቱን በያዘ ጊዜ 13 ታላላቅ ሹማምንት በባሕር ዳር በእንጨት ላይ ታስረው ተረሸኑ፤ እርሳቸው ከተረፉት ጥቂት ሚኒስትሮች አንዷ ነበሩ። በ1985 የዶን መንግሥት ሰዎች በንግግር በመንቀፋቸው የ10 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ብዙ ሳይቆዩ ተፈትተው ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ቢመረጡ፥ «ምርጫው ተጭበርብሯል» ብለው ወንበሩን እምቢ አሉ፤ እንደ ገናም ታሰሩ። ከዚያም ወደ ውጭ አገር ወጥተው በባንክና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ድርጅት ከፍ ያለ ሥራ ሠሩ።

ጉድፍም አለባቸው፤ እርሱን ሳልናገር ባልፍ ታሪክ ጸሐፊ ሳልሆን አሞጋሽ እሆናለሁ። ቻርልስ ቴይለር በ1989 ዶን ለመጣል በተነሣ ጊዜ በመጀመሪያው ወራት ደግፈውት ነበር። ቴይለር ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ከታየ በኋላ ተለዩት፤ በ2009ም በእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ፊት ቀርበው ስለዚሁ ይቅርታ ጠይቀዋል።

እንግዲህ የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ወይዘሮ ኤለን ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግመው ነው። በጁላይ 1997 ከዚሁ ከቻርልስ ቴይለር ጋር ተወዳደሩ። ቴይለር ከመቶ 75 ድምፅ አገኘ፤ እርሳቸው ሁለተኛ ቢወጡም ያገኙት ከመቶ 10 አይሞላም ነበር። ሕዝቡ ቴይለርን ወዶት አልመረጠውም። ቢሸነፍ ወደ ጫካ ተመልሶ ጦርነቱን ይቀጥላል ብሎ ስለ ፈራ፥ በድምፁ ሰላምን የገዛ መስሎት ነው። ጦርነቱም በ1999 እንደ ገና ተቀሰቀሰ፤ በሁለቱ ጦርነቶች ያለቀው ሕዝብ ወደ 250 ሺህ ይገመታል።

በ2005 እንደ ገና ቀረቡ። በኦክቶበር 11 ቀን 22 ሰዎች ተወዳደሩ። አንደኛ የወጣው በዓለም የታወቀው የእግር ኳስ ተጫዋች ጆርጅ ዊያ ሲሆን ከመቶ 28 አገኘ፤ ወይዘሮ ኤለን ከመቶ 20 ያህል አግኝተው ሁለተኛ ሆኑ። ማንም ግማሹን ስላላለፈ፥ ሁለቱ በኖቬምበር 8 ቀን ለብቻቸው ተወዳድረው ወይዘሮ ኤለን ከመቶ 59 በሆነ ድምፅ አሸነፉ። ዊያ «ተጭበርብሬአለሁ» ብሎ ቢከስም የውጭ አገር ታዛቢዎች ምርጫውን በጎ ብለው መሰከሩ፤ እርሱም ኋላ ክሱን ተወው። በጃንዩዌሪ 16 ቀን 2006 ወይዘሮ ኤለን በ67 ዓመታቸው ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ሴትነታቸው በ1997ም በ2005ም ያው ነው፤ አልጨመረም፥ አልቀነሰም። በ1997 ያልመረጣቸው «ሴት ስለሆኑ ነው» የሚል ሰው፥ በ2005 ለምን እንደ ተመረጡ መልስ ያጣል፤ በ2005 «ሴት ስለሆኑ ተመረጡ» የሚልም በ1997 ለምን እንደ ወደቁ መልስ ያጣል። ከዚህም በላይ አንድ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር አለ። ከ22ቱ ተወዳዳሪዎች መካከል ሴቶች ሁለት ነበሩ። ሁለተኛዋ ወይዘሮ ማርጋሬት ቶር ቶምሰን ይባላሉ፤ ያገኙት ድምፅ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ሴትነት በራሱ ድምፅ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ለሁለቱም ባመጣ ነበር።

ይሁን እንጂ ሴትነታቸው አንዳች አልሠራም ብል ታሪኩን አጣምማለሁ። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል የተለወጠው መራጩ ነው፤ የለወጡትም በብዙው ሴቶች ናቸው። በ2003 ሌማ ቦዊ የምትባል ወጣት እናት ሌሎችን አስተባብራ ክርስቲያንና እስላም ሴቶች ነጭ ልብስ ለብሰው በሞንሮቪያ የዓሣ ገበያ አጠገብ ባለው ሜዳ በፀሓይና በዝናብ ተቀመጡ። ልመናቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ጦርነቱ ይቁም የሚል። ተደራዳሪዎቹ በአክራ ከተማ በሆቴል ተቀምጠው ነገሩን ሲያራዝሙ ጊዜ፥ ሴቶቹ ከአዳራሹ በር ላይ ተደርድረው መውጫ ከለከሏቸው። ቴይለር በኦገስት 11 ቀን አገሩን ለቆ ወጣ፤ የሰላሙም ውል በ18 ተፈረመ። ከዚያም የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር ገባ፥ የኢትዮጵያም ወታደሮች ነበሩበት። በምርጫው መዝገብ ጊዜ እነዚያው ሴቶች እየዞሩ የገበያ ነጋዴዎችን እንዲመዘገቡ መከሩ፤ አንዷ ልትመዘገብ ስትሄድ ሌላይቱ ጎረቤት ቃሪያዋንና ሩዟን ትጠብቅላታለች። በመጨረሻ ከተመዘገበው መራጭ ግማሽ ያህሉ ሴት ሆነ።

እነዚህ ሴቶች ወይዘሮ ኤለንን ሲመርጡ ሴትነታቸውን ቈጥረዋልን? አዎን፥ ቈጥረዋል። በዚያ ጦርነት ልጆቻቸው ተነጥቀው ጠመንጃ ተሸክመዋል፤ ብዙዎቹ ራሳቸውም ተደፍረዋል። ይህን መከራ የምታውቅ ሰው በላይ ብትቀመጥ አትረሳንም ብለው አሰቡ። እንዲህ ያለው አስተሳሰብ በእኔ ግምት ነውር የለበትም፤ ገበሬ የገበሬን ችግር የሚያውቅ ሰው እንደሚመርጥ ያለ ነው። ዳሩ ግን እነዚያው ሴቶች ወይዘሮ ማርጋሬትን እንዳልመረጡ እናስታውስ። ሴትነቱን ያዩት ከገንዘብ ሚኒስትርነቱ፥ ከእስር ቤቱና ከዕውቀቱ ጋር ደርበው ነው። በአንጻሩ የቆሙት ጆርጅ ዊያ ያን ጊዜ በመንግሥት ሥራ ያልተፈተኑና ትምህርታቸውንም ያልፈጸሙ ነበሩ፤ አገሪቱም መብራትና የቧንቧ ውሃ እንኳ ያልነበራት ባለ ዕዳ ነበረች።

ነገሩ መስመር ያለፈበትም ስፍራ አለ። የላይቤሪያ ተወላጅ የሆነችው ጋዜጠኛ ሔለን ኩፐር በ2017 ባሳተመችው የወይዘሮ ኤለን የሕይወት ታሪክ እንደ ጻፈችው፥ አንዳንድ እናቶች ወንዶች ልጆቻቸው ዊያን እንዳይመርጡ የመራጭነት ወረቀታቸውን ወስደው ደብቀዋል። ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ባነበብሁላቸው ጊዜ ሁሉም ሣቁ፤ እውነትም ያሥቃል። እኔን ግን እያሳሰበኝ ሄደ። ወረቀቱን የደበቁት እናቶች ክፉዎች አልነበሩም፤ ልጆቻቸውን በጠመንጃ ያጡ ናቸው። ነገር ግን ያ ልጅ ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ አሳቡ የሳተ እንኳ ቢሆን አሳቡ የራሱ ነው። ከሞንሮቪያ ርቀን ብዙ ቤት ብናንኳኳ፥ ባል የሚስቱን ድምፅ የሚያዝበት ቤት እናገኛለን። ባል የሚስቱን ድምፅ መውሰዱን የሚነቅፍ፥ እናት የልጇን ድምፅ ስትወስድ ሊሥቅ አይገባውም። የተወዳዳሪዋ ሴትነት ከሌላ ነገር ሁሉ በላይ ሲቈጠር የሚደርሰው እዚህ ድረስ ነው፤ ድምፅን እስከ መስረቅ።

ሌላም ነገር አለ። የወይዘሮ ኤለን ደጋፊዎች በሰልፍ ላይ «ኤለን ወንዳችን ናቸው» እያሉ ይጮኹ ነበር። ይህ አባባል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እኛም ደፋር ሴት ስናይ «ወንድ ናት» ብለን እናመሰግናታለን፥ እርሷም ደስ ይላታል። ምስጋናው ግን ከውስጡ ስድብ አለበት፤ ሴት ሴትነቷን እስክትተው ድረስ አትበቃም ማለት ነውና። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውም ተረት ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። አያቶቻችን ይህን ሲተርቱ፥ ዕውቀት ሲገኝ በሴት እጅ የሚቆይ መሆኑን አላዩ ይሆናል አልልም፤ አይተውታል። ባያዩትማ ኖሮ ተረቱ ምን ያስፈልገው ነበር?

ጦርነት ያደቀቀው አገር ብቻ ነው ሴትን የሚመርጠው የሚል ሰው ቢኖር አይስላንድን ይመልከት። ያች ትንሽ የሰሜን ደሴት ሰላም ሳለች በጁን 1980 ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲርን መርጣለች፤ ከሦስት ወንዶች ጋር ተወዳድረው ያገኙት ከመቶ 34 ያህል ሲሆን ተከታያቸው ከመቶ 32 ነበረው። በዓለም በሕዝብ ድምፅ ፕሬዚዳንት የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት እርሳቸው ናቸው። ያለ ባል አንዲት ልጅ ያሳድጉ ስለ ነበር በዚህ ምክንያት ብዙ ተጠይቀዋል፤ ሚስቶቻቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ለሚወዳደሩት ሦስት ወንዶች ግን «ልጆቻችሁን ማን ያሳድጋል?» ያላቸው የለም። አራት ጊዜ ተመርጠው 16 ዓመት ቆዩ፤ በ1988 ሌላ ሴት ተወዳድራቸው ከመቶ 90 በላይ ድምፅ አግኝተዋል። የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን በዚያ አገር ከክብር ብዙ የማያልፍ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። በታላቋ አሜሪካ ደግሞ በ1964 የሜይን ግዛት ሴናተር ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ በሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ ቀርበው 27 ድምፅ ብቻ አገኙ። በ2016 ሒላሪ ክሊንተን በሕዝቡ ድምፅ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ብልጫ ቢያገኙም በአገሪቱ የምርጫ ሥርዐት ምክንያት ተሸነፉ።

«ሴት ርኅሩኅ ናት፥ አትዋጋም፥ አትሰርቅም» እያሉ ለሴት መምረጥን የሚሰብኩም አሉ። ንግግሩ ያማረ ነው፤ ታሪክ ግን አይደግፈውም። ኢንዲራ ጋንዲ በ1971 ከፓኪስታን ጋር ተዋግተዋል፤ ማርጋሬት ታቸርም በ1982 ስለ ፎክላንድ ደሴቶች መርከብ ልከዋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ ምሳሌ አናጣም። ዲቦራ በእስራኤል ላይ ትፈርድ ነበር፥ ባርቅም ያለ እርሷ ወደ ጦርነት አልሄድም አለ። ጎቶልያ ደግሞ መንግሥቱን ለመያዝ ብላ የገዛ ቤቷን ዘር አጠፋች። ሁለቱም ሴቶች ናቸው። የሚለያያቸው ሥራቸው ነው።

የወይዘሮ ኤለንም አገዛዝ ለሁለቱም ወገን የሚመች አይደለም። «ሴት አገር አታስተዳድርም» ያለው አፈረ፤ ሥራ በያዙ በመጀመሪያው ዓመት በሞንሮቪያ አንዳንድ መንገዶች ላይ መብራት ተመለሰ፥ በ2010 ወደ 4.6 ቢሊዮን ዶላር የሚሆነው የአገሪቱ ዕዳ ተሰረዘ፥ በደፈሩ ሰዎች ላይ የሚፈርድ ልዩ ችሎት ተቋቋመ። በ2011 ከሌማ ቦዊና ከየመኗ ተወካል ካርማን ጋር የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ፤ በዚያውም ዓመት እንደ ገና ተመረጡ። ነገር ግን «እናት ስለሆኑ ለሁሉ እኩል ይሆናሉ» ያለውም አፈረ። ወንዶች ልጆቻቸውን በከፍተኛ የመንግሥት ሥራ ላይ አስቀመጡ፤ አንዱ የብሔራዊው ባንክ ምክትል ገዥ፥ አንዱ የነዳጅ ዘይት ኩባንያው የበላይ ሆነው ነበር። በዚህ ነገር በ2012 አደባባይ ወጥታ የነቀፈቻቸውና ከዕርቅ ኮሚሽኑ ሥራዋ የተሰናበተችው ሌማ ቦዊ ራሷ ናት፤ በዓሣ ገበያው ሜዳ የተቀመጠችው ሴት። «ሴትን ሴት አትነቅፍም» የሚል ስሜት ቢይዛት ኖሮ ዝም ባለች ነበር። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ አብልጬ የማከብራት እርሷን ነው።

በ2014 ኢቦላ የተባለው በሽታ ገብቶ ከ4,800 በላይ ላይቤሪያውያንን ገደለ። በዚያ ወራት ፕሬዚዳንቷ ሰፈሮችን በወታደር በማስከበባቸው ተወቀሱ፤ ሕዝቡ በገዛ እጁ በሽታውን ሲገታም ተመሰገኑ። ወቀሳውም ምስጋናውም ሴትነታቸውን ያነሣ አልነበረም፤ አንድ መንግሥት ሲወቀስና ሲመሰገን እንደሚሆነው ሁሉ ሆነ። ይህ በእኔ ግምት ከኖቤሉ ሽልማት የማያንስ ነገር ነው።

ሁለተኛው ዘመናቸው ሲያልቅ ሕገ መንግሥቱ እንደሚያዝዘው ወረዱ። ለ2017 ምርጫ 20 ሰዎች ተወዳደሩ፤ ከእነርሱ መካከል ሴት አንዲት ብቻ ነበረች። ከ12 ዓመት የሴት መንግሥት በኋላ የተወዳዳሪዎቹ ሴቶች ቍጥር ከሁለት ወደ አንድ ወረደ ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው አንዲት ሴት ወደ ላይ ስለ ወጣች መሰላሉ ለሌሎቹ ቆሞ ይቆያል ብሎ አያስብም።

ያሸነፉት በ2005 የተሸነፉት ጆርጅ ዊያ ናቸው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ትምህርታቸውን ፈጽመው፥ ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተመርጠው ሠርተው ነበር። በጃንዩዌሪ 22 ቀን 2018 ወይዘሮ ኤለን ሥልጣኑን በሰላም አስረከቧቸው፤ በዚያ አገር አንድ የተመረጠ ፕሬዚዳንት ለሌላ ለተመረጠ እንዲህ ሲያስረክብ ከ1944 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዕለት ከዊያ ጋር ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ የፈጸመችውም ሴት ናት፥ በላይቤሪያ ለዚያ ማዕርግ የመጀመሪያዋ። ስሟ ጁወል ሃዋርድ ቴይለር ነው፤ ቀድሞ የቻርልስ ቴይለር ሚስት ነበረች።